በኋላው በር ላይ የተደረደሩት ፍራሾች

ሉስየን ዴሮሽ ፍራሽ ሲያይ ዐይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠርዙ ነበር። ሌላው ሰው በመዳፉ ተጭኖ ልስላሴውን ሲሞክር፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ብላክስቶን ወንዝ ዳር በነበረው የፍራሽ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠርዝ ስፌት ማሽን ላይ ስለቆመ፣ የሰፋው እጅ ጀማሪ ይሁን የለመደ፣ ቸኩሎ ይሁን ተረጋግቶ፣ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ፋብሪካው ተዘግቶ ማሽኖቹ ወደ ደቡብ ሲጫኑ አርባ አንድ ዓመቱ ነበር። ያን ክረምት ሥራ ፈትቶ ከኩሽና ሳሎን ሲንጎራደድ፣ ሚስቱ ኦሮር ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ አየች። የሮድ አይላንድ ግዛት የፍራሽና የአልጋ ዕቃ ተቆጣጣሪ ይፈልግ ነበር።

«ፍራሽ የሚያውቅ ሰው ነው የሚለው» አለችው፤ «ካንተ ሌላ ማን ያውቃል? ደግሞ ከኩሽናዬ ትወጣልኛለህ።»

ተቀጠረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ፍራሽ ላይ የሚሰፋውን የመንግሥት ምልክት ማየት ነበር። ውስጡ አዲስ ከሆነ ምልክቱ ነጭ፣ ያገለገለ ነገር ካለበት ደግሞ ሌላ ቀለም መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የልጇ ቆዳ ቆስሎ ግራ የገባት እናት ደውላለት፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ ነጭ ምልክት ያለውን አበባማ ፍራሽ በቢላዋ ቀደደው። ከአበባው ሥር ሌላ አሮጌ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ ላይ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የደረቀ ደም። ሴትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ሉስየን ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ ከሦስተኛ ፎቅ አወረደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጻፈ ነገር ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው አልሆነም። ባለሱቆቹ መኪናውን ከሩቅ ሲያዩ «ቢላዋው መጣ» ይባባሉ ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ግዛቱ አዲስ ሕግ አወጣ። እስከዚያ ድረስ አሮጌ ፍራሽ የትም ይጣል ነበር፤ ድልድይ ሥር፣ ጫካ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር። የቆሻሻ መቅበሪያው ሰዎች እንኳ ይጠሉታል፤ ሞላው ዶዘሮቹ ላይ እየተጠመጠመ ሥራ ያስፈታቸዋል። በአዲሱ ሕግ አዲስ ፍራሽ የሚገዛ ሁሉ ትንሽ ክፍያ ይጨምራል፤ በዚያም አሮጌው ከየከተማው ተሰብስቦ ወደ መፍቻ ቤት ይሄዳል። መፍቻ ቤት ውስጥ ፍራሹ ይቀደዳል፤ ሞላው ለብረት አቅላጭ፣ ስፖንጁ ለምንጣፍ መደረቢያ፣ እንጨቱ ለማገዶ ይለያል። ሥራው ቢላዋና ጉልበት የሚፈልግ በመሆኑ ሌላ ቦታ በር ለሚዘጋባቸው ሰዎች እንጀራ ሆነ።

በዚያ አካባቢ የመጀመሪያውን መፍቻ ቤት የከፈተችው ዙልሚራ ፎንተስ ነበረች። ወላጆቿ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ወንዝ ዳር ነው። በፋብሪካው ጊዜ ከሉስየን ማሽን ሁለት መደዳ አለፍ ብሎ የፍራሽ ፊት ትሰፋ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ የድሮውን የሽመና ፋብሪካ ምድር ቤት ተከራይታ አሥራ አንድ ሰው ቀጠረች። ስምንቱ ከእስር የወጡ ነበሩ። ሁሉም «ቲያ» ይሏታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው።

መንግሥት መፍቻ ቤቶች የሚመሩበትን ደንብ ሲያወጣ ተቆጣጣሪው ሉስየን ሆነ። ክምሩ ከተወሰነለት ቁመት አይለፍ፣ በክምርና በክምር መሃል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ይኑር፣ የረጠበ ፍራሽ አይግባ፣ መውጫ በሮች በማንኛውም ሰዓት ክፍት ይሁኑ፤ ደንቡ ይህን ይመስል ነበር። በየወሩ ሜትሩንና ቅጹን ይዞ ይመጣል።

«ሜትርህን ይዘህ መጣህ?» ትለዋለች ዙልሚራ ገና ከበሩ። «እስቲ እኔንም ለካኝና ከደንቡ ካለፍኩ ንገረኝ።»

«አንቺማ ከፋብሪካው ጊዜ ጀምሮ ከደንብ በላይ ነሽ» ይላታል።

ከሠራተኞቹ ሁሉ ሉስየንን የሚያናግረው ዌንደል ብራንች ነበር። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ዘጠኙን እስር ቤት አሳልፏል። መጭመቂያ ማሽኑ ላይ ሞላ እየጨመቀ ያስራል፤ እጁ ሲሠራ አፉም አያርፍም።

«ሚስተር ሉስየን፣ ይሄን ደንብ የጻፈው ሰውዬ ፍራሽ ተሸክሞ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀው አንድ ቀን።

«ተኝቶበት ያውቃል።»

«እሱማ ነው ችግሩ!» ብሎ ዌንደል እስኪያስለው ሳቀ።

እንዲህ እየተባባሉ አራት ዓመት አለፈ። ሉስየን ስድሳ አንድ ዓመት ሞላው። ለጡረታው የቀረው አንድ በጋ ብቻ ነበር።

መጋቢት ውስጥ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር። ሉስየን መፍቻ ቤቱ ሲገባ ውስጡ ጨለም ብሎ ታየው። መብራቱ በርቷል፤ መስኮቶቹን ግን ፍራሽ ሸፍኗቸዋል። መተላለፊያው ጠቦ በጎን ካልሆነ አያሳልፍም። እየታከከ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። የኋላው በር መኖር ባለበት ቦታ በር አልነበረም፤ ከወለል እስከ መቃኑ አናት የተደረደረ የፍራሽ ግድግዳ ነበር።

«ዙልሚራ!»

እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ዛሬ ቀልድ አልነበራትም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምን እንደሆነማ ታያለህ። ሁለት ሆቴል በአንድ ሳምንት አልጋውን ቀየረ። መኪናዎቹ ሊያስፈቅዱ ቀርቶ ስልክ እንኳን አልደወሉም፤ ዘርግፈውት ሄዱ። ውጭ ላቁመው? የረጠበ አይግባ የምትሉት እናንተ።»

«በሩ ተዘግቷል።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ ሆኖ ካየሁት ማሸግ ነው ያለብኝ። ሌላ አማራጭ አልሰጡኝም። ወይ ክፍት ነው ብዬ እፈርማለሁ፣ ወይ አሽጋለሁ።»

ዙልሚራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስቱ ልጆች በአመክሮ ነው ያሉት። ሥራ የላቸውም ከተባለ ተመልሰው ይገባሉ። አንተ ታሽጋለህ፤ እሽጉ እስኪነሳ ወር ይፈጃል። ወር ስንት እንደሆነ ለእነሱ ታውቃለህ? እስከ ዓርብ ስጠኝ። ሐሙስ ብረቱን የሚጭነው መኪና ይመጣል፣ ቦታ ይለቅልኛል፤ ዓርብ ጠዋት በሩን ራስህ ትከፍተዋለህ።»

ሉስየን ዞር ብሎ አየ። ዌንደል ከማሽኑ አጠገብ እጁን አነሳለት። አንዱ ወጣት የስፖንጅ ጥቅል ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ እያፏጨ ያልፋል። ይህን ቤት ማሸግ ማለት እነዚህን ፊቶች አንድ በአንድ ወደ ዝናቡ ማስወጣት ሆነበት። ቅጹን መኪና ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ሞላው። «መውጫ በሮች ክፍት ናቸው» ከሚለው ጎን ምልክት አደረገ። ከኋላው ያለው መኪና ጡሩንባ ሲያሰማበት ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ሐሙስ ለምሳ ጥቂት ሲቀረው፣ ሌላ ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ እያለ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ አለቃው ፊልብሪክ ነበር።

«የዙልሚራ ቤት እየተቃጠለ ነው።»

ጭሱን ከአውራ ጎዳናው ላይ ሆኖ አየው። ጥቁር ነው፤ የስፖንጅ ጭስ፤ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ጎን ለጎን የሚንከባለል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መንገዱን ስለዘጉ መኪናውን ጥሎ ሮጠ። የመፍቻ ቤቱ ሠራተኞች ፊታቸው ጥላሸት ለብሶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል። ዙልሚራ በመካከላቸው ቆማ በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥራለች። ትጨርስና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሁሌም አሥር ላይ ያልቅባታል።

«ቲያ፣ ይብቃሽ» አላት አንዱ፤ «ዌንደል ነው። ዌንደል የለም።»

በኋላ እንደተረጋገጠው፣ ከመጭመቂያው ሞተር የወጣ ብልጭታ የጥጥ ብናኝ ላይ አርፎ ነበር። እሳቱ በዌንደልና በፊተኛው በር መካከል ነው የተነሳው። ዌንደል ወደ ኋላው በር ሄደ። እዚያ ነው ያገኙት። አራት ፍራሽ ጎትቶ ጥሎ ነበር። ከኋላቸው ገና ብዙ ነበሩ።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ፊልብሪክ የሉስየን ጠረጴዛ አጠገብ መጥቶ ትከሻውን ነካው። «የማክሰኞውን ቅጽ አየሁት። ንጹሕ ነው። ሥራህን በደንብ ሠርተሃል፣ ሉስየን፤ ቢያንስ በእኛ በኩል ጸጸት የለም።»

ሉስየን የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፍቶ ሜትሩን አስገባ።

የቅጹ ንጽሕና ምን እንዳመጣ የገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መርማሪዎቹ እንዲህ ብለው ደመደሙ፤ ማክሰኞ በሩ ክፍት ነበር፣ ተቆጣጣሪው መስክሯል፤ ስለዚህ ባለቤቷ ተቆጣጣሪው ዞር እስኪል ጠብቃ በሁለት ቀን ውስጥ ዘጋችው። ይህ ደግሞ ቸልተኝነት ብቻ ሳይሆን መንግሥትን ማታለል ነው። በዙልሚራ ላይ ክስ ይመሠረት ጀመር። እሷ ስትጠየቅ «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ» ከማለት ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። የሉስየንን ስም አላነሳችም።

ሉስየን ቤቷ ሄደ። ምድጃው ላይ ካቹፓ፣ የወላጆቿ አገር የበቆሎ ወጥ፣ የያዘ ድስት ተጥዶ እየተንተከተከ ነበር፤ ብዙ ሰው ለማብላት የለመደ ትልቅ ድስት፣ አሁን ግን የሚበላ ሰው ያልነበረበት።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ምኑን?»

«እንዳየሁ። እንደፈረምኩ።»

ዙልሚራ ማማሰያውን አስቀመጠች። «ብነግራቸው ዌንደል ይነሳል? ጥፋቴን ላንተ ላካፍለው? በሩን አንተ አልዘጋኸውም።»

«በውሸቴ ግን አንቺን ሊያስሩሽ ነው።»

«እኔ የጠየቅኩህን ነው ያደረግከው» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ምነው እንቢ ባልከኝ፣ ሉስየን። ምነው ያን ቀን ሰው ጠፍቶ ደንቡን ብቻ የሚያውቅ አንድ ግግም ያለ ሰው በላኩብኝ።»

ከዚህ በላይ የከፋ ነገር ማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ክፋት ግን አልነበረባትም።

እቤቱ ተመልሶ ለኦሮር ሁሉንም አወጣላት። ከአርባ ዓመት ትዳር በኋላ ምን እንደምታስብ ከፊቷ ማንበብ ይችል ነበር፤ ያን ቀን ግን አልቻለም።

«ጡረታህን አስበኸዋል?» አለችው በመጨረሻ።

«አስቤዋለሁ።»

«እኔም አሁን አሰብኩት።» ተነስታ ኮቱን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችው። «ፊልብሪክ ቢሮ ሳይዘጋ ትደርሳለህ።»

ፊልብሪክ ሲነገረው ተነስቶ የቢሮውን በር ዘጋ። ከዚያ ባዶ ወረቀት አውጥቶ ፊቱ አደረገለት። «ጻፈው። ከጻፍከው በኋላ ግን ከእኔ እጅ ይወጣል፤ ወደ ዐቃቤ ሕግ ነው የምልከው።» ሉስየን ጻፈ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገደ።

ሰኔ ላይ ግዛቱ ደንቡን ሊያሻሽል ሕዝብ ሐሳብ የሚሰጥበት ስብሰባ ዋናው ከተማ ውስጥ ጠራ። ረቂቁ ቅጣቱን እጥፍ የሚያደርግ፣ ጥፋት በተገኘ ሰዓት ወዲያው ማሸግን የሚያዝ ነበር። ማንም ሰው ስሙን አስመዝግቦ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። የፍራሽ ሻጮች ተወካይ ተናገረ፣ የእሳት አደጋ መኮንን ተናገረ። ከዚያ የሉስየን ስም ተጠራ። ያለችው አንድ ሙሉ ልብስ የቀብርም የሠርግም ነበረች፤ እሷን ለብሶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመ።

«ሉስየን ዴሮሽ እባላለሁ። በዚያ ቤት የኋላው በር ክፍት ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ክፍት አልነበረም።»

ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋው።

«ቅጣቱን እጥፍ ብታደርጉት እኔን አያስቆመኝም ነበር። ፊቴ ሁለት መንገድ ነበረ፤ ወይ ሁሉም ደህና ነው ማለት፣ ወይ አሥራ አንድ ሰው እንጀራ ማሳጣት። እንዲህ ያለ ምርጫ ስታቀርቡለት ሰው ይዋሻል። መኪናዎቹን የማስቆም ሥልጣን ስጡት። ቤቱ ሳይታሸግ፣ ሠራተኛው ሳይበተን፣ በሩ እስኪከፈት አንድም ፍራሽ አይግባ የማለት ሥልጣን።» ወረቀቱን አጠፈው፤ የሚቀጥለው እዚያ አልተጻፈም። «ይሄን የምለው ጥፋቴን ደንቡ ላይ ለመጫን አይደለም። ሦስተኛ መንገድ ነበረኝ። ኮቴን አውልቄ ከእነሱ ጋር ፍራሾቹን ማንሳት። ወደ ፊት አምጥተን ዝናብ ይምታቸው ብንል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር። ግማሽ ሰዓት። ያን ቀን ሌላ ቀጠሮ እንኳን አልነበረኝም።»

ሦስት ደቂቃው ገና አላለቀም ነበር፤ እሱ ግን ሄዶ ተቀመጠ።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ረጅም ሴት ጠበቀችው። ኢርማ ብራንች ነበረች፣ የዌንደል ታላቅ እህት፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። ቀብሩ ላይ ከሩቅ አይቷት ነበር፤ መቅረብ ግን አልደፈረም።

«አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እመቤት።»

«እዚያ ውስጥ የተናገርከው ለእኔ ነው ለራስህ?»

«ለሁለታችንም ይመስለኛል።»

«ቢያንስ አልዋሸህም። ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ። ዛሬ ብትጠይቀኝ እንቢ እልሃለሁ፤ እንቢ ማለት ደግሞ ሰልችቶኛል። ወንድሜ ዘጠኝ ዓመት ሲታሰር በየሳምንቱ እሁድ ሄጃለሁ። ሲወጣ አረፍኩ ብዬ ነበር።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ግማሽ ሰዓት ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ግማሽ ሰዓት» አለች ለራሷ፣ ደረጃውንም ወረደች።

ነገሩ እንዲህ አለቀ። ዐቃቤ ሕግ ማታለል የሚለውን ክስ ከዙልሚራ ላይ አነሳ። በቸልተኝነት ጥፋተኛ ተብላ ፈቃዷን ተነጠቀች፤ የእስር ቅጣቱ ግን በገደብ ሆነላት። ሉስየን ከሥራ ተባረረ፣ ጡረታውም ከሚገባው ግማሽ በታች ሆነ፤ ኦሮር አንዲት ቀን ቅሬታ አላሰማችም፤ የድሮ ጎረቤቶቿን ልብስ ማስተካከል ጀመረች። ከሦስቱ የአመክሮ ልጆች ሁለቱ ሌላ መፍቻ ቤት ተቀበላቸው፤ አንዱ ተመልሶ እስር ቤት ገባ። ሉስየን በየወሩ እየሄደ ይጠይቀዋል። የተሻሻለው ደንብ በመስከረም ሲወጣ፣ ተቆጣጣሪው በሮቹን ሰዓቱን በሚያሳይ ፎቶ እንዲያነሳ የሚያዝ አንቀጽ ነበረበት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ቤቱን ሳያሽግ የፍራሽ መኪናዎችን ማስቆም እንደሚችል የሚፈቅድ ሁለት መስመር። የማን ሐሳብ እንደሆነ አልተጻፈም።

በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኢርማ ነበረች።

«ወንድሜ የሚሠራውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም» አለች። «ነይ እይው ይለኝ ነበር፤ እኔ አውቶቡሴን ሳስብ። የት ነው የሚታየው?»

ሉስየን መኪናዋን አስከትሎ ሁለቱ ልጆች ወደሚሠሩበት መፍቻ ቤት መራት። የዌንደል እህት መሆኗን ሲሰሙ ልጆቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ቆሙ፤ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። እሷ ግን «ሥራችሁን ሥሩ፣ ሥራችሁን ለማየት ነው የመጣሁት» አለቻቸው። ወንበር አመጡላት፤ አልተቀመጠችም። አንድ ትልቅ ፍራሽ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ። ቢላዋው በጠርዙ ዙሪያ ዞረ፣ ፊቱ እንደ ቆዳ ተገፈፈ፣ ጥጡና ስፖንጁ ወጣ፣ መጨረሻ ላይ ሞላው ራቁቱን ቀረ።

«በስንት ደቂቃ ጨረሳችሁት?» አለች።

«ስምንት» አላት ልጁ ላቡን እየጠረገ።

«ማሽኑ ላይ ከመመደቡ በፊት ዌንደል በአራት ደቂቃ ነው የምፈታው ይለኝ ነበር። ጉራ መስሎኝ ስቄበታለሁ።»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ። «ጉራ አልነበረም፣ እመቤት» አለ ትልቁ። «እኛን ያስተማረን እሱ ነው። አንድ ጊዜ በሦስት ተኩልም ፈትቶታል፤ ግን ጣቱን ቆርጦ ነበር።»

ኢርማ ሳቀች፤ ሳቋ እንደ ወንድሟ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ከዚያም ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሉስየን ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ አጠገቧ ቆመ። ሊነካት አልደፈረም፤ ሊርቃትም አልቻለም። ሌላ ፍራሽ ተጋደመ። ልጁ ያለ ማንም ትእዛዝ በዝግታ ይፈታ ጀመር፤ እያንዳንዱን ደረጃ እያሳያት፣ የት እንደሚቆረጥ፣ ሞላው እንዳይፈናጠር እጅ የት እንደሚቀመጥ። እሷም አንድም ሳያመልጣት ተከታተለች።

የትምህርት ቤት ልጆች የምታወጣበት ሰዓት ሲደርስ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

«እስቲ ዙልሚራን ሰላም በልልኝ» አለችው ሉስየንን፣ ፊቱን ሳታይ፣ እና ወጣች።